አጥንት የሚቆጥረው ጣረ ሞት

የማርኬቲንግ ሰው ፊልም ከማየቱ በፊት ፖስተሩን ያያል። መሐል የቆመው ማን ነው? ዳር የተገፋው ማን ነው? በትልቁ የተጻፈው የማን ስም ነው? ፖስተር ማለት ኩባንያው “ይህን ፊልም የሚሸጡልኝ እነዚህ ሰዎች ናቸው” ብሎ የሚፈርምበት ወረቀት ነው። በዚህ ወር አምዳችን ከልጆች ጋር ስለምናያቸው ፊልሞች ላወራችሁ ስለሆነ፣ ከአንድ የታወቀ ፖስተር ልጀምር።

እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው “ጎስትበስተርስ” መናፍስትን እያሳደዱ ስለሚይዙ ሰዎች የተሠራ ኮሜዲ ነው። ፊልሙን ያላየ ሰው እንኳ ምልክቱን ያውቀዋል፤ በቀይ ክብ ውስጥ የተሰረዘው ነጭ መንፈስ በስንቱ ልጅ ቲሸርት ላይ ታትሟል! በፊልሙ ውስጥ መንፈስ አዳኞቹ አራት ናቸው። ሲኒማ ቤት በር ላይ በተሰቀለው ፖስተር ላይ ግን ሦስት ናቸው፤ ቢል መሪ፣ ዳን አክሮይድና ሃሮልድ ራሚስ። አራተኛው ዊንስተን የለም። ዊንስተንን የተጫወተው ኤርኒ ሃድሰን ሲሆን ከአራቱ ጥቁሩ እሱ ብቻ ነው።

ሃድሰን ከዓመታት በኋላ በአደባባይ እንደተናገረው፣ መጀመሪያ ባነበበው ስክሪፕት ላይ ዊንስተን ከታሪኩ መነሻ ጀምሮ ያለ፣ ሰፊ ሚና የተሰጠው ሰው ነበር። ቀረጻ ሊጀመር ሲል በተሰጠው አዲስ ስክሪፕት ላይ ግን ታሪኩ ከተጋመሰ በኋላ ብቅ የሚል ሰው ሆኖ አገኘው። ሦስቱ ሳይንቲስቶች ናቸው፤ እሱ ደመወዝ ፍለጋ የመጣ ተቀጣሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 አራት ሴቶች የተወኑበት አዲስ “ጎስትበስተርስ” ሲሠራም የድሮው አሰላለፍ ተደገመ። ሦስቱ ነጮች ሳይንቲስቶች፣ አራተኛዋ ጥቁር ሌስሊ ጆንስ ደግሞ የምድር ባቡር ሠራተኛ። ጆንስ በዚያው ሰሞን በትዊተር በወረደባት የዘረኝነት ስድብ ምክንያት ገጿን ለጊዜው ጥላ እስከመሄድ ደርሳለች።

የምድር ባቡር ሠራተኛ መሆን ነውር የለውም። ጥያቄው ሌላ ነው። አንድ ሰው ፊልም ውስጥ መኖሩና ታሪኩ የእሱም መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ስለ ብዝኃነትና ስለ ውክልና ሲወራ ብዙ ጊዜ ፊት ቆጠራ ላይ እንቆማለን፤ “ስንት ጥቁር አለ? ስንት እስያዊ? ስንት ሴት?” ይባላል። ለልጅ ግን ትልቁ ነገር የሚመስለው ሰው ፊልሙ ውስጥ ምን እንዲሠራ እንደተደረገ ነው።

ይህን ለማየት የጣረ ሞት ኮሜዲን የመሰለ ጥሩ መነጽር የለም። በድርጊት ፊልም ጀግናው አይፈራም፤ በጣረ ሞት ኮሜዲ ግን ሁሉም ይፈራል፣ ሳቁም የሚመጣው ከፍርሃቱ ነው። ስለዚህ ከሚፈራው ሰው ጋር ነው የምንስቀው ወይስ በሚፈራው ሰው ላይ ብለን መጠየቅ እንችላለን።

ድሮ መልሱ ግልጽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1940 “ዘ ጎስት ብሬከርስ” የተባለ ፊልም ወጣ። መሪ ተዋናዩ ቦብ ሆፕ ነው። የእሱን አሽከር የተጫወተው ዊሊ ቤስት የተባለ ጥቁር ተዋናይ ነው። በዚያ ዘመን ሆሊውድ በእንዲህ ያለ ፊልም ለጥቁር ተዋናይ የሚሰጠው ሥራ የታወቀ ነበር፤ ዓይን ማፍጠጥ፣ መንቀጥቀጥ፣ እግሬ አውጪኝ ብሎ መሮጥ። ጌታው ቀልዶ ያልፋል፣ አሽከሩ ደንግጦ ያስቃል። ቤስት ሙያውን የሚያውቅ ኮሜዲያን ነበር። ሆኖም በአንዳንድ የመጀመሪያ ፊልሞቹ ላይ የተጻፈው የራሱ ስም ሳይሆን “እንቅልፍና ምግብ” እንደማለት ያለ ቅጽል ስም ነው። እኛ በሙያችን ስም ማለት ብራንድ ነው እንላለን። የአንድ አዋቂ ሰው ብራንድ “እንቅልፍና ምግብ” ከሆነ ተመልካቹ ፊልሙን ማየት ሳይጀምር በማን ላይ መሳቅ እንዳለበት ተነግሮታል ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ምን ያህል መንገድ እንደተሄደ የሚያሳዩ ሁለት ፊልሞች አሉ። ሁለቱም የዲዝኒ ናቸው፤ ስማቸው “ሆንትድ ማንሽን” ነው፤ ሁለቱም የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1969 ካሊፎርኒያ በሚገኘው የዲዝኒላንድ መዝናኛ ከተከፈተው የመናፍስት ቤት ነው። አንዱ የ2003፣ ሌላው የ2023 ነው።

የ2003ቱን ያዘጋጀው “ዘ ላየን ኪንግ”ን ካዘጋጁት ሁለት ዳይሬክተሮች አንዱ የነበረው ሮብ ሚንኮፍ ነው። ኤዲ መርፊ ጂም ኤቨርስ የሚባል የቤት ሽያጭ ወኪል ሆኖ ይጫወታል። ሚስቱ ሳራ (ማርሻ ቶማሰን) የሥራ ባልደረባውም ናት፤ ሴት ልጅና ወንድ ልጅ አሏቸው። ጂም ሥራ የሚያበዛ፣ ለቤተሰቡ “አሁን እመጣለሁ” እያለ የሚያረፍድ አባት ነው። ይህን ዓይነት አባት የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም! አንድ ትልቅ አሮጌ ቤት ለመሸጥ ሲሉ ቤተሰቡ በሙሉ ከመናፍስት ጋር ያድራል።

ጂምም እንደ ዊሊ ቤስት ይደነግጣል፣ ይጮኻል፣ ያስቃል። ልዩነቱ ከዚያ በኋላ ባለው ነገር ላይ ነው። ጂም ከቤቱ ተባርሮ ሲወጣ ውስጥ የቀረችው ሚስቱ ናት፤ ስለዚህ መኪናውን አስነሥቶ ግድግዳ ጥሶ ይመለሳል። እየፈራ የሚመለስለት የራሱ ቤተሰብ አለው። በ1940 አሽከሩ የሚፈራው ለጌታው ማድመቂያ ነበር። የጂም ፍርሃት ግን የባልና የአባት ፍርሃት ነው።

ይህን ፊልም ከእናቴና ከዘጠኝ ዓመቷ የእህቴ ልጅ ጋር አይቼዋለሁ። የታሪኩ ምስጢር የሚፈታው መጨረሻው አካባቢ ነው። የቤቱ ጌታ ከብዙ ዘመን በፊት ኤልሳቤጥ የምትባል ሴት አፍቅሮ ነበር፤ ሳራ ቁርጥ እሷን ትመስላለች። የቤቱ አጋፋሪ ራምስሊ ጋብቻው ለጌታው ቤትና ስም አይመጥንም ብሎ ልጅቷን በመርዝ ገድሏታል። ለምን እንደማትመጥን ፊልሙ አይናገርም። “ጥቁር ስለሆነች” የሚል ቃል ከማንም አፍ አይወጣም።

የእህቴ ልጅ ግን ጠየቀች፦ “እማማ፣ ለምንድነው የከለከላቸው? ቆንጆ አይደለች እንዴ?”

እናቴ ቡናዋን እየቀዳች፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ “አጥንት ቆጥሮባት ነዋ የኔ ልጅ!” አለቻት።

“አጥንቷን? መቼ ቆጠረው? ከሞተች በኋላ?”

ከጥቂት ደቂቃ በፊት ከመቃብር የሚነሡ ሬሳዎች አይታለችና ጥያቄዋ አግባብ ነበረው። ሳቃችን ሲበርድ እናቴ አስረዳቻት፦ “የለም፣ የማን ዘር ናት፣ ከእኛ ጋር አትመጥንም ማለት ነው።” ልጅቷ ትንሽ አሰብ አደረገችና “የሰው አጥንት እኮ 206 ነው፤ ሚስ ነግራናለች። የሁሉም እኩል ነው” አለች። እናቴ ጀበናዋን ማቶቱ ላይ አስቀምጣ “ይቺን ልጅ!” ከማለት በቀር የጨመረችው ነገር የለም።

ነገሩን ሳስበው ገረመኝ። ዲዝኒ ሳይናገር ያለፈውን እናቴ በሁለት ቃል ጨረሰችው። አሜሪካ ውስጥ፣ ታሪኩ የሚፈጸምባትን ሉዊዚያናን ጨምሮ በብዙ ግዛቶች፣ በነጭና በጥቁር መካከል የሚደረግ ጋብቻ በሕግ የተከለከለበት ረጅም ዘመን ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያሉ ሕጎችን ሕገ መንግሥቱን ይጥሳሉ ያለው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ፊልሙ ይህን ሁሉ “አይመጥንም” በሚል አንድ ሐሳብ ሸፍኖታል። እናቴ የሉዊዚያናን ሕግ አታውቅም፤ “ማን ናት? የማን ልጅ ናት?” ተብሎ የፈረሰ ሽምግልና ግን ታውቃለች። ራምስሊን የምናውቀው ሰው ነው፤ በእኛም ሳሎን ተቀምጦ ቡና ጠጥቷል።

ዝምታው ልክ ነው ወይ? እኔ ግማሽ ሥራ ነው እላለሁ። ልጆች በቤተሰብ ፊልም ላይ ንግግር ሊሰሙ አይቀመጡም፤ ስብከት የሚመስል ትዕይንት ሲመጣ ወደ ስልካቸው ይዞራሉ። ግን ፊልሙ ያልመለሰውን ጥያቄ የሚመልስ አዋቂ አጠገባቸው ከሌለ ልጆቹ የሚይዙት “ክፉ አጋፋሪ ነበር” የሚለውን ብቻ ነው። የክፋቱ ስም ይጠፋል።

ከ20 ዓመት በኋላ የመጣው ሁለተኛው ፊልም የተለየ መንገድ ይዟል። ዳይሬክተሩ ጀስቲን ሲሚየን ራሱ ጥቁር ነው። ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው “ዲር ኋይት ፒፕል” በተባለ፣ በዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስላሉ ጥቁር ተማሪዎች በሚያወራ ስላቃዊ ፊልም ይታወቃል። አዲሱ “ሆንትድ ማንሽን” የሚፈጸመው በኒው ኦርሊንስ ነው፤ ከነዋሪዎቿ ከግማሽ በላይ ጥቁር በሆኑባት፣ ጃዝ በተወለደባት ከተማ። ላኪት ስታንፊልድ የሚጫወተው ቤን የአስትሮፊዚክስ ሳይንቲስት ነው። ሮዛሪዮ ዶውሰን የምትጫወታት ጋቢ ሐኪም ናት፤ ልጇ ትራቪስ (ቼዝ ዲሎን) አባቱ የሞተበት፣ በትምህርት ቤት ጓደኛ ያጣ ልጅ ነው። ኦወን ዊልሰን፣ ዳኒ ዲቪቶና ቲፋኒ ሃዲሽ ይከተሏቸዋል።

በ1984 ሳይንቲስቶቹ እነማን እንደነበሩ፣ ተቀጣሪው ማን እንደነበር አስታውሱ። እዚህ ሳይንቲስቱ ቤን ነው። ፊልሙ “አያችሁ? ጥቁር ሳይንቲስት!” ብሎ አያጨበጭብም። ሙያው ለታሪኩ ስለሚያስፈልግ ብቻ አለ፤ በዓይን የማይታየውን የሚያነሣ ካሜራ የሠራው እሱ ነውና።

እኔን የያዘኝ ግን ሙያው አይደለም። ቤን ሚስቱን በመኪና አደጋ አጥቷል። እሷ በከተማው መናፍስት ያሉባቸውን ቦታዎች ለጎብኚዎች የምታሳይ አስጎብኚ ነበረች፤ እሱ በመናፍስት የማያምን ሰው፣ ከሞተች በኋላ ሳይንሱን ትቶ የእሷን ሥራ ይዞ ይዞራል። በፊልሙ መሐል፣ በቀልዱና በግርግሩ መካከል፣ ስለ እሷ ሲያወራ ያለቅሳል። ቀልድ አያቋርጠውም። ካሜራው ፊቱ ላይ ይቆያል። የቤቱ ክፉ መንፈስም የሚያድነው እንዲህ ያለውን ሰው ነው፤ 999 ነፍሳት ሰብስቦ አንድ ይጎድለዋል፣ ያቺንም ያዘኑ ሰዎችን አባብሎ በፈቃዳቸው እንዲሰጡት ይፈልጋል።

“ወንድ ልጅ አያለቅስም” እየተባለ ለሚያድግ ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። በ1940 ጥቁሩ ሰው በጣረ ሞት ፊልም የተፈቀደለት አንድ ስሜት ነበር፤ ድንጋጤ። ቤን ይፈራል፣ ይቀልዳል፣ ይናደዳል፣ ያዝናል፣ እንደገና ሰው ይወዳል። ውክልና የምለው ይህንን ነው። አንድ ሰው በታሪኩ ውስጥ ሊያጣው የሚችል የራሱ ነገር ሲኖረው።

ፊልሙ እንከን የለሽ ነው ማለቴ አይደለም። ለእኛ አካባቢ ተመልካች ቀድማ ዓይን የምትገባው ቲፋኒ ሃዲሽ ናት። አባቷ ኤርትራዊ ነበሩ፤ እሷም እ.ኤ.አ. በ2019 የኤርትራ ዜግነት ወስዳለች። ስሟን ስንሰማ “ሐዲሽ” ብለን በራሳችን አነባበብ የምናስተካክለው ለዚህ ነው። በፊልሙ ላይ ሃሪየት የምትባል መናፍስት አነጋጋሪ ሆና ታስቃለች። ቢሆንም ለቤን ከተሰጠው ሕይወት ለሃሪየት የደረሳት ጥቂት ነው። ቤቷን፣ ቤተሰቧን፣ የምታጣውን ነገር አናውቅም። ደግሞም የኒው ኦርሊንስ ጥቁር ሴት መንፈስ ጠሪ ሆና መቅረቧ ከሆሊውድ አሮጌ መደርደሪያ የወረደ ነገር ነው። አንድ ፊልም በአንዱ ገጸ ባሕርይ ሲሻሻል በሌላው ሊደግም ይችላል።

አሁን ወደ እኔ ሰፈር፣ ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የ2023ቱ ፊልም ከሠርቷል። ለመሥራት 150 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደወጣበት ተዘግቧል፤ ከዓለም ሲኒማ ቤቶች ያስገባው ግን 117 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ነው። “ይኸው፣ ብዝኃነት አይሸጥም!” የሚሉ አልጠፉም። እኔ ይህን ሪፖርት ለአለቃዬ ባቀርብ ኖሮ ከሁሉ በፊት የምጽፈው ቀኑን ነው። ፊልሙ የወጣው ሐምሌ መጨረሻ፣ “ባርቢ” እና “ኦፐንሃይመር” ዓለምን ባጥለቀለቁ በሳምንቱ ነው። አሜሪካውያን የጣረ ሞት ነገር የሚሹት ደግሞ በኦክቶበር፣ በሃሎዊን ሰሞን ነው። በዚያ ላይ የተዋንያን ማኅበሩ ሐምሌ ውስጥ አድማ ስለመታ ተዋንያኑ ፊልሙን ማስተዋወቅ አልቻሉም፤ በዲዝኒላንድ በተደረገው የምርቃት ዝግጅት ምንጣፉ ላይ የተገኙት በእነሱ ፈንታ የዲዝኒ ገጸ ባሕርያትን ልብስ የለበሱ ሰዎች ነበሩ። ሻጩ በሌለበት፣ ገበያው ባልደረሰበት ቀን የወጣ ዕቃ ሲቀር ጥፋቱን በተዋንያኑ የቆዳ ቀለም ላይ መጣል የገበያ ጥናት አይባልም። ደግሞም በጥቁር ቤተሰብ ዙሪያ የተሠራው የ2003ቱ ፊልም ከ180 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል።

ይህ ሁሉ የአሜሪካ ወሬ ነው የምትሉ ካላችሁ ወደ ራሳችን ቴሌቪዥን ልመልሳችሁ። በሥራዬ ለማስታወቂያ ተዋናይ ሲመረጥ “ፊቷ ፈካ ያለ ይሁን፣ ቀይ ትሁን” የሚል ትእዛዝ ስንት ጊዜ እንደምሰማ አልነግራችሁም። ዘይት የምትገዛው፣ ሳሙና የምትጠቀመው፣ ልጅ ታቅፋ የምትስቀው እናት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልክ ካላት፣ ጠይሟና ጥቁሯ ልጃችን ከእዚያ ምን ትማራለች? በኮሜዲዎቻችን ውስጥስ? ከገጠር የመጣችው የቤት ሠራተኛ አፏን ስትከፍት በአነጋገሯ እንስቃለን። ማን ናት? ምን ትወዳለች? ማንን ትታ መጣች? አይነገረንም። እያሳቀች ወጥ ቤት ትገባለች። ዊሊ ቤስትን ከዚህ የበለጠ የሚመስል የለም። ልዩነቱ እኛ ቤት ውስጥ ስንስቅ አጠገባችን ቆማ የምትሰማ እውነተኛ ሰው መኖሯ ነው፤ ልጆቻችንም በማን ላይ መሳቅ እንደሚፈቀድ የሚማሩት ያኔ ነው።

በመጨረሻ ለወላጆች ጥቂት ተግባራዊ ነገር። የ2023ቱ ፊልም በአሜሪካ ምደባ ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጅ እንዲጠነቀቅ ይመክራል። የ2003ቱ ቀለል ያለ ቢሆንም መግደልና ራስን ማጥፋት በታሪኩ ውስጥ አሉ፤ ቀድማችሁ ብቻችሁን ብታዩት ይሻላል። በእምነት ምክንያት የመናፍስት ፊልም ቤታችሁ የማይገባ ከሆነም ያ የእናንተ ውሳኔ ነው፤ ጥያቄው በየትኛውም ፊልም ላይ ይሠራል።

አብራችሁ ካያችሁ ግን ፊልሙ ሲያልቅ ቶሎ አትነሡ። “ወደድከው? ወደድሽው?” ብቻ ብላችሁ አትለፉ፤ “አዎ” ብለው ይሮጣሉ። “የሳቅሽው በማን ነው?” በሏት። “ከሁሉም ውስጥ ቤቱን፣ እናቱን፣ ጓደኛውን ያላየንለት ማን ነው?” በሉት። ልጆች በዚህ ጥያቄ ጎበዞች ናቸው፤ ጨዋታ ይመስላቸዋል። ወጥ ቤት ገብታ የቀረችውን ሴት ስም ሊጠይቁ ይችላሉ። ክፉው ሰውዬ ለምን እንደከለከለም ይጠይቃሉ። ያኔ “ክፉ ስለሆነ ነው” ብላችሁ አትሸኟቸው፤ የክፋቱን ስም በአማርኛ፣ በልካቸው ንገሯቸው። እኛ ካልነገርናቸው ከአንድ ራምስሊ መስማታቸው አይቀርም።

እስከ ወር ቸር እንሰንብት።